ለራሱ የሚታጠብ እጅ

በአገራችን በሐኪም ቤት ውስጥ ስለሚያመረቅዝ የቀዶ ሕክምና ቁስል፣ በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ስለሚይዛት አራስ፣ ወይም በማሞቂያ ውስጥ ተኝቶ ሲሻለው ከቆየ በኋላ ድንገት ስለሚደክም ጨቅላ ሕፃን ወሬ በተነሣ ቍጥር፣ ከሹሙ እስከ ዘበኛው፣ ከሊቁ እስከ ጨዋው ሁሉም በአንድ አፍ የሚሰጠው መልስ «ምን ይደረግ፣ ድህነት ነው» የሚል ነው። ቧንቧው ይደርቃል፣ ሳሙናው ያልቃል፣ ጓንቱ ይቸግራል፣ አንዷ ነርስ የሦስቱን ሥራ ትሠራለች፤ ስለዚህም በሽተኛ ይዞት ያልመጣውን በሽታ ከሐኪም ቤት ይዞ ቢወጣ ጥፋቱ የኑሮው እንጂ የማንም ሰው አይደለም ይባላል። ይህ አስተያየት የሐዘኔታ ልብስ ስለ ለበሰ ለመቀበል ይቀላል፤ ማንንም አይከስም፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው ምንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከመጪው ዘመን በጀት ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያጸደቀውን አስተያየት ሐሰት ነው ለማለት ተነሥቻለሁ። ሐሰት የምለውም ድህነት የለም ብዬ አይደለም፤ ድህነቱስ በአደባባይ የቆመ ነው። ድህነት ያልሠራውን ሥራ ለድህነት ስለሚያሸክም ነው።

አስቀድሜ የተቃራኒዎቼን ዋና ማስረጃ ራሴ ላቅርብላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በሀብታሞቹ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን 7ቱን፣ እንደ እኛ ባሉት አገሮች ደግሞ 15ቱን በተኙበት አልጋ ቢያንስ አንድ አዲስ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው፣ ከሚያዙትም ከ10 አንዱ እንደሚሞት ተናግሯል። «ይኸውልህ፣ ድሃው በእጥፍ ይያዛል» ይሉኛል። መልካም፤ ከ15ቱ 8ቱን ድህነት ይውሰድ። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ቀንና ሌሊት በማይቋረጥበት፣ ሳሙናው በየግድግዳው በተሰቀለበት፣ ጓንቱ በየአልጋው ራስጌ በሣጥን በተቀመጠበት አገር የታመሙት 7ቱስ የማን ናቸው? እነርሱን የነካቸው ውሃ ያጣ እጅ አይደለም። እንግዲያስ በድሃውም በባለጸጋውም ቤት የሚኖር አንድ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ እርሱን ሳንመረምር ለቧንቧ ብቻ ብንጸልይ፣ ቧንቧው የመጣ ዕለት ከነዚያ ከ7ቱ ጋራ ተፋጥጠን እንቀራለን።

ይህን የምጽፈው እነዋሪ ላይ ሆኜ ነው። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ የጀማ ገደል እስኪቈርጠው ድረስ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ተቀምጣ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ጫማን ከእግር በሚነጥቀው መረሬ አፈሯ ስንዴና ጤፍ ታበቅላለች፣ የጅሩ ሰንጋ የሚባለውንም ለአዲስ አበባ የበዓል ገበያ ትሰዳለች። በዚህ አገር ቧንቧ የትናንት ነገር ነው። አያቶቻችን ውሃ የሚቀዱት ከወንዝና ከምንጭ ነበር፤ ሴቲቱ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ወጥታ፣ ያችኑ እንስራ ለወጡም ለጠላውም ለጥጃውም አብቃቅታ ትውል ነበር። በዚያ ሁሉ የውሃ ችግር መካከል ግን ሳይታጠብ እጁን ወደ መሶብ የሰደደ ሰው ነውረኛ ይባል ነበር እንጂ «ውሃ ስለሌለ ነው» ተብሎ አይታለፍም ነበር። ልጁ ማንቈርቈሪያውን በቀኝ፣ ማስታጠቢያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ጐንበስ ብሎ ከታላቅ ወደ ታናሽ ያስታጥባል፤ አሥሩን ሰው የምታዳርሰውም ውሃ ከአንዲት ማንቈርቈሪያ አትበልጥም።

ሥርዐቱን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ መታጠቡ የሚፈጸመው እህሉ ከመነካቱ በፊት ነው፤ ውሃው ወደ ሰውየው እጅ ይመጣል እንጂ ሰውየው ውሃ ፍለጋ ከመሶቡ ተነሥቶ አይሄድም፤ ነገሩም በሁሉ ፊት ስለሚደረግ ያልታጠበው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ቀዳሹ ካህን ወደ ታላቁ ምሥጢር ከመቅረቡ አስቀድሞ ዲያቆኑ ውሃ እያፈሰሰለት እጁን ይታጠባል፤ ይህንንም የሚያደርገው በጓዳ ተሰውሮ ሳይሆን ምእመናን እያዩት ነው። ተሕዋስያን የሚባሉትን ረቂቃን ፍጥረታት በአጉሊ መነጽር ያላዩ፣ ስማቸውንም ያልሰሙ ሰዎች ይህን ሥርዐት በገቢር ጠብቀው ሲያቈዩት፣ ስማቸውን በላቲን የሚጠራው ተማሪ በነቢብ ብቻ ይዞት መቅረቱን ድህነት ብሎ የሚጠራ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳኝ አላውቅም።

ከነዋሪው ልማድ ወደ ሐኪም ቤቱ ልለፍ። በደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ቀኑንም ሌሊቱንም ጨምረው የባለሙያዎቹን እጅ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ እጅን ማንጻት ግዴታ በሆነባቸው 100 ጊዜያት ውስጥ ግዴታው የተፈጸመው በ22ቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። (ራሱን ለእንዲህ ያለ ምርመራ የሰጠ ተቋም ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሩን ዘግቶ ንጹሕ ነኝ የሚለው ይበዛልና።) ይህን 22 ሰምቶ «ውሃ ቢኖር ኖሮ» የሚል ሰው ግን የጥናቱን ልብ አላነበበም፤ ምክንያቱም እነዚያው ባለሙያዎች፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ቧንቧ፣ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካቸው በኋላ አብዛኞቹ ሲታጠቡ፣ ሕሙሙን ከመንካታቸው በፊት የታጠቡት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። አንድ ቧንቧ ሕሙሙ ከመነካቱ በፊት ደርቆ፣ ከተነካ በኋላ ይፈሳልን? ውሃው ያው ነው፣ ሳሙናውም ያው ነው፤ የተለየው የታጣቢው ሐሳብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ ይነጻባቸው ዘንድ ካዘዛቸው አምስት ጊዜያት ሁለቱ ከመንካት በፊት፣ ሦስቱ ከነኩ በኋላ ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ስለ ሕሙሙ የታዘዙ ሲሆኑ በኋለኞቹ ታጣቢው ራሱንም ይጠብቃል። እኛ ዘንድ የተጣሉት የሕሙሙ ሁለቱ ናቸው። ይህ የጲላጦስ መታጠብ ነው፤ የታጣቢውን ንጽሕና ያስመሰክራል እንጂ በፊቱ የቆመውን አያድንም።

ከእነዋሪ ርቆ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ተቋም ዘመዴን ሳስታምም ያየሁትን እዚህ ላይ ልጨምር። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣቷ ነርስ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ክፍሉ ገባች፤ ትጉህና ርኅሩኅ እንደ ነበረች አስቀድሜ እመሰክርላታለሁ። የመጀመሪያውን ሕሙም ብርድ ልብስ ገልጣ የሆዱን ስፌት ዳሰሰች፣ በካርዱ ላይ ጻፈች፣ ስልኳ ሲጠራ ከኪሷ አውጥታ ተናገረች፣ የአልጋውን ብረት ገፋ አድርጋ አለፈች፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ሄዳ በዚያው ጓንት በደም ሥሩ የተሰካውን ካኑላ ክዳኑን ከፍታ መድኀኒቱን ሰጠች፤ እንዲህ እያለች ከአልጋ ወደ አልጋ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ሥራዋን ከፈጸመች በኋላ ጓንቷን አውልቃ ጥግ ላይ ወዳለው ባለ ቧንቧ ባልዲ ሄደችና፣ በሳሙና፣ በጣቶቿ መካከል፣ በጥፍሯ ሥር፣ እስከ ክንዷ ድረስ፣ መምህራኖቿ ቢያዩአት ደስ በሚላቸው አኳኋን ታጠበች። ባልዲው ሙሉ ነበር። ሳሙናውም በመረብ ታስሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ያ ጓንት ለነርሷ አጥር ነበረ፤ ለሕሙማኑ ግን የአንዱን ቁስል ወደ ሌላው የደም ሥር የሚያደርስ መልእክተኛ ነበረ።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ባወጣ ጊዜ ዘመኑ የኤች አይ ቪ ዘመን ነበር፤ ባለሙያው በመርፌ ተወግቼ እሞታለሁ ብሎ የሚሰጋበት፣ ጓንት ከሕሙሙ ደም መሸሸጊያ ሆኖ የተሰበከበት ዘመን ነበር። ፍርሀቱ ተገቢ ነበር፣ ጥንቃቄውም ብዙ ሰው አትርፏል። ሆኖም ከዚያ የተወረሰው ልቡና አደጋው ከሕሙሙ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል የሚል ነው፤ አደጋው ከሐኪሙ ወደ ሕሙሙ ሲሄድ ሊያየው የሚችል ዓይን አልሰጠንም።

ድህነት ነው የሚሉት ወገኖቼ ከእኔ ጋራ ወደ ቪየና እንዲሄዱ እለምናቸዋለሁ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1847 ነው፤ እዚህ ሸዋ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያረፉበት ዓመት ነው። የቪየና ታላቅ ሆስፒታል በአውሮፓ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነበረ፤ ውሃም ገንዘብም ሊቃውንትም አላነሰውም። በዚያ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ነበሩ። በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 ወላዶች 11 ያህሉ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። የከተማይቱ ድሆች ሴቶች ይህን ያውቁ ስለ ነበር፣ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል በተመደቡ ጊዜ ተንበርክከው ያለቅሱ፣ አንዳንዶቹም በመንገድ ዳር መውለድን ይመርጡ ነበር፤ በመንገድ ዳር ከወለዱትም በዚያ ክፍል ከወለዱት ያነሱ ነበሩ የሚሞቱት። ሊቃውንቱ ግን ለዚህ ሁሉ መልስ ነበራቸው። የአየሩ ጠባይ ነው አሉ፤ ከምድርና ከከዋክብት የሚመጣ ነገር ነው አሉ፤ ንስሐ ሊያናዝዝ የሚመጣው ቄስ ደወል ወላዶቹን አስደንግጦ ይገድላቸዋል እስከማለት የደረሰም ነበር። ኢግናዝ ሰሜልዋይስ የተባለው ወጣት የሀንጋሪ ሐኪም ይህንንም ሳይንቅ፣ ቄሱ ያለ ደወል በሌላ መንገድ እንዲገባ አስደርጎ ፈተነው፤ ሞቱ አልቀነሰም።

ምሥጢሩ የተገለጠለት ያዕቆብ ኮሌችካ የተባለ ወዳጁ አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላዋ ጣቱ ተወግቶ፣ በዚያው አራሶቹን በሚገድላቸው ዓይነት ሕመም በሞተ ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ ጧት አስከሬን መርምረው፣ ሽታው ከእጃቸው ሳይለቅ፣ በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ሰሜልዋይስም በግንቦት ወር በማዋለጃው ክፍል በር ላይ የክሎሪን ኖራ የተበጠበጠበት፣ ዛሬ በረኪና ከምንለው ጋራ የሚዘመድ ውሃ አስቀምጦ፣ በዚህ ሳይታጠብ ወላድን የሚነካ አይኑር ሲል አዘዘ። በሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ሲሞቱ የነበረው በሰኔ ወደ 2 ወረደ። በ1848 ዓመቱን ሁሉ ከ100 የሞተው ከአንድ ብዙም አልበለጠም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለክርክሬ የበለጠ ይጠቅመኛል። የቪየና ታላላቆች ኖራውን ለመግዛት ገንዘብ አልቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው የጨዋ ልጅ እጅ፣ የተማረ ሰው እጅ፣ የሐኪም እጅ ሞት ይሸከማል የሚለውን ቃል መስማት ነበር። ሰሜልዋይስ በ1849 ሥራውን አጣ፤ በ1865 በእብዶች መጠለያ ውስጥ ሞተ። ያን ጊዜ ድህነትን የከሰሰ አልነበረም፤ ከተማይቱ ባለጸጋ ነበረችና ድህነትን መክሰስ አይቻልም፤ ስለዚህ አየሩ ተከሰሰ። እኛ ደግሞ በየመንደራችን አራሷ ትኩሳት ሲይዛት ምች መታት፣ ብርድ ገባባት ብለን ዳማ ከሴ እናሽላታለን፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ትኩሳት ሲይዛት ድህነት ነው እንላለን። ቪየናም የራሷ ምች ነበራት። ምክንያቱ በየዘመኑ ስሙን ይለውጣል፤ የማይለወጠው ከእጅ መራቁ ነው።

ከሩቁ ታሪክ ይልቅ የቅርቡ ይበልጥ የሚያሳምነው አንባቢ ካለ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የሆነውን ያስታውስ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየባንኩ ደጃፍ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር፣ ከአንዲት ሻይ ቤት እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ ባለ ቧንቧ ባልዲና ቢጫ ጀሪካን ተተከለ፤ ሳሙና የሚያቀርብ፣ የሚያስታጥብ፣ ሳይታጠብ የሚገባውንም የሚመልስ ሰው ቆመ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሳኒታይዘር በጠበጡ፤ ፋብሪካዎች ከአረቄ ወደ እጅ ማጽጃ ዞሩ። ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? አገሪቱ በዚያ ወር አልበለጸገችም፤ ይልቁንም ድህነቷ በረታ። የመጣው ፍርሀት ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ለራሱ የፈራው ፍርሀት። ፍርሀቱ ሲያልፍ ባልዲው ተነሣ፤ በሐኪም ቤቱ ደጃፍ የነበረውም አብሮ ተነሣ፣ በዚያ ስፍራ ግን በሽታው አላለፈም ነበር።

ሌላው የተለመደ መድኀኒት ሥልጠናና ሥዕል ነው። እጅ መታጠብ አልተፈጸመም በተባለ ቍጥር ግንዛቤ ይጐድላል ተብሎ አዳራሽ ይከፈታል፣ አበል ይከፈላል፣ ከዚያም አምስቱን ጊዜያት የሚያሳይ ሥዕል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቧንቧው ከላዩ በተነቀለ መታጠቢያ ላይ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው፣ ሠራተኞች «ካሽ» እያሉ የሚጠሩት የንጹሕና አስተማማኝ ሆስፒታል ዘመቻ ብዙ ግቢ አስተካክሏል፤ ሣሩን አስቈርጧል፣ ግድግዳውን አስቀብቷል፣ ቆሻሻውን አስለይቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጐብኚ ባለሥልጣን በመጣ ጊዜ የሚታየው ወለሉ ነው፤ የሐኪሙ መዳፍ አይታይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጅሩ ገበሬ ቤት ደጃፍ ጀሪካን በገመድ አንጠልጥለው እጅ መታጠብን ለእናቶች ያስተማሩ የመንግሥት አገልጋዮች መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ያችው እናት ለመውለድ ስትመጣ የሚቀበላት እጅ እንደ እርሷ መታጠቡን የሚያረጋግጥላት ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ተሳስቷል አይባልም። ነርሷ አምስቱን ጊዜያት በቃሏ ታውቃለች፤ ብትጠየቅ አንድም ሳታጐድል ትመልሳለች። የጐደላት ዕውቀት ስላልሆነ በዕውቀት አይሞላም።

እንግዲህ «ድህነት አይደለም ካልክ፣ ቧንቧው በደረቀበት ምን ይደረግ?» የሚለውን በቀጥታ ልመልስ። እጅ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለው ከውሃና ሳሙና ይልቅ አልኮል ይሻለዋል፤ አልኮሉም ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ የሆነ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር ተቀላቅሎ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ 10 ሊትር ከሞላ በኋላ 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ ይኸው ነው። ኢታኖሉ እጁ ላይ ያለውን ይገድላል፣ ፐርኦክሳይዱ በጠርሙሱ ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ዘር ያጠፋል፣ ግሊሰሪኑ ቈዳውን ከመሰነጣጠቅ ይጠብቃል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተዘጋጀው በየሆስፒታሉ መድኀኒት ቤት ይበጠበጥ ዘንድ ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጡበት አገር አልኮል የለኝም ብሎ ሊያለቅስ አይገባውም። (የጎረቤት አረቄ ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም፤ ዳግም አረቄ እንኳ ከሚፈለገው ኀይል በታች ነው፤ ደም የነካው እጅም ያለ ውሃና ሳሙና አይነጻም።)

ጠርሙሱ ብቻውን የሚሠራውን ያህልም ይታወቅ። በማሊ፣ በባማኮ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ይህ ቀመር በአገር ውስጥ ተበጥብጦ ለሠራተኞቹ በቀረበ ጊዜ ከ100 8 የነበረው የእጅ ንጽሕና ወደ 22 ገደማ ወጣ። ድሃ አገር ናት፤ ገንዘብም ሳይበዛባት ወደ ሦስት እጥፍ ደረሰች። እኔ የምለው ግን ስለ ቀሪው 78 ነው፤ ጠርሙሱ በእጃቸው እያለ ያልተነካው 78 በድህነት ሊመካኝ አይችልም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በዲዲዬ ፒቴ መሪነት ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. አልኮሉን በየአልጋው አቅርቦ፣ ታላላቆቹንም ከሥራው ጋራ አቆራኝቶ በደከመ ጊዜ፣ የእጅ ንጽሕናው ከ48 ወደ 66 በመቶ ከፍ ሲል በሆስፒታሉ የሚያዙት ከ100 ወደ 17 ከሚጠጉት ወደ 10 ወርደዋል። በዚያም ቢሆን የተሻሻሉት ነርሶቹና ረዳቶቻቸው ነበሩ፤ ሐኪሞቹ በነበሩበት ቀሩ። ከቪየና እስከ ጄኔቫ መቶ ሃምሳ ዓመት አለፈ፣ የሐኪም እጅ ግን ገና በመከራከር ላይ ነበረች።

ሥራ ይበዛል የሚለው አቤቱታ ከሁሉ ይልቅ እውነት ያለበት ነው፤ አላቃልለውም። አንዲት ነርስ በሰዓት 20 ጊዜ እጇን ማንጻት ቢኖርባት፣ በውሃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ስለሚወስድ፣ ወደ ቧንቧው የምትመላለስበት ሳይቈጠር ከሰዓቷ ከ13 እስከ 20 ደቂቃ ይሄድባታል፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚያዝ ሰው የማይፈጸም ማዘዙን ያውቃል። አልኮል ግን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ያንንም እያሸች ወደሚቀጥለው አልጋ ትራመዳለች። ስለዚህ የሥራው መብዛት ጠርሙሱን ከመተላለፊያው ጫፍ ወደ አልጋው ራስጌ ለማምጣት ምክንያት ይሆናል እንጂ እጅን ላለማንጻት ምክንያት አይሆንም። በመሶቡ ዙሪያ ያየነው ልጅ ማንቈርቈሪያውን ይዞ ወደ ሰዎቹ የሚሄደው ይህንኑ አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ለሁሉም ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኀኒት ይሰጣል፣ ቢመረቅዝም ይድናል የሚሉትን ደግሞ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ያን መድኀኒት መናቁን ራሳቸው በየላቦራቶሪው ውጤት ያነቡታል።

የቀረው ክብርና ይሉኝታ ነው፤ እውነተኛውም መሰናክል የተኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አስታማሚው ሐኪሙን እንዴት ደፍሮ ይጠይቃል? ጀማሪው ነርስ አለቃውን እንዴት ያርማል? በፈረንጅ አገር ሕሙማን ሐኪማቸውን «እጅዎን ታጥበዋልን?» ብለው እንዲጠይቁ ይመከራሉ፤ ለጅሩ ገበሬ ግን ይህ ጥያቄ እንደ ስድብ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ በእጃችን አለ። በአገራችን ታላቅን ማስታጠብ ማክበር ነው፤ የታጠበም ሰው እጅህ አድፏል ተብሎ እንደ ተዘለፈ አይሰማውም። ጧት ሐኪሞቹ ለዙር ሲወጡ ከመካከላቸው ታናሹ ጠርሙሱን ይዞ ይቅደም፤ በየአልጋው ዘንድ አስቀድሞ ለአለቃው፣ ከዚያ ለተከታዮቹ፣ በመጨረሻ ለራሱ ያፍስስ። አስታማሚውም ሕሙሙ ሲተኛ ከካርዱ ጋራ አንድ ጠርሙስ ይሰጠው፤ ነርሷ ካኑላውን ልትከፍት ስትቀርብ «እኅቴ፣ ላስታጥብሽ» ይበላት፣ ሐኪሙን «ጌታዬ፣ ላስታጥብዎ» ይበል። መዳፉን የማይዘረጋ ሐኪም ቢገኝ ነውሩ የእርሱ ነው፤ የገበሬው አይደለም።

ለዚህም ሁሉ መቈጣጠሪያው ቀላል ነው። በየወሩ የሚቀርበው ሪፖርት የእጅ ንጽሕናን በአንድ ቍጥር ጠቅልሎ ማቅረቡን ይተው፤ ከመንካት በፊት የተነጻው ለብቻው፣ ከነኩ በኋላ የተነጻው ለብቻው ይጻፍ፤ በስብሰባውም አስቀድሞ የሚነበበው የፊተኛው ይሁን፣ ንባቡም ከጽዳት ሠራተኞች ሳይሆን ከሐኪሞቹ ይጀመር። ሁለቱ ተደባልቀው የቀረቡ እንደ ሆነ ለራሱ የታጠበው እጅ ለሕሙሙ ያልታጠበውን ይሸፍንለታል፤ ተሰብሳቢውም 22 በመቶ የሚለውን ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ስለ ቧንቧው መነጋገር ይጀምራል።